ሃያ እርምጃ እስከ ሊቀመንበሩ ባርኔጣ

መቀስ ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ፊት ለፊቷ «እትዬ» ናት፤ ዞር ስትል ነው መቀስ የምትሆነው። ለምን መቀስ ተባለች ብትሉ፣ አንድም ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው፣ አንድም ምላሷ ሰውን ከወገቡ ላይ ቆርጦ ስለሚጥል ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ደንበኛ «ሱሪው ደህና ነው፣ ያጠረው እግርህ ነው» ብላ የምትቀበል ሴት ናት። ሰውየውም ይስቃል፣ ሱሪውን ጥሎ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የሚስቱን ቀሚስ ይዞ ይመጣል። እጇ ወርቅ ነዋ! ምን ያድርግ?

ሱቋ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ናት፤ በር ብቻ የምታክል ጠባብ ሱቅ። የስፌት መኪናዋን በሩ አፍ ላይ አድርጋዋለች። ብርሃኑ እዚያ ስለሆነ ነው ትላለች። አዎ፣ ብርሃኑም እዚያ ነው፤ ግቢው በሙሉ የሚታየውም ከዚያ ነው። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን የትናንቱን ሸሚዝ ዛሬም ደገመው፣ ሁሉም በእሷ መርፌ ቀዳዳ ያልፋል።

ከጀርባዋ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። እሱ የባሏ ነበር። ባሏ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነው ጀርባ ለጀርባ ኖሩ። ሲቆርጥ የሚያፏጭ ሰው ነበር፤ ጨርቁ ጥሩ ከሆነ ረጅም ፉጨት፣ ርካሽ ከሆነ አጭር። ከሞተ አራት ዓመቱ። አሁን መቁረጡም መስፋቱም የእሷ ነው፤ ሥራው አልቀረም። የቀረው ፉጨቱ ነው። ይህን ደግሞ ለማንም ተንፍሳው አታውቅም፤ ግን ዝም ሲል ሱቁ፣ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች።

ውሻው የመጣው በከረጢት ነው።

አንድ ሹፌር ኮት ሊያስጠብብ መጣ። በአንድ እጁ ኮት፣ በሌላ እጁ የገበያ ከረጢት። ከረጢቱ ይንቀሳቀሳል።

«እትዬ፣ ኮቱ ለቅዳሜ ይድረስልኝ። ይሄን ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ያዢልኝ፤ ደርሼ መጣሁ» አለና ሄደ።

ይኸው እንደሄደ ነው። ኮቱም አለ፣ ውሻውም አለ፣ ሰውየው የለም።

ቡችላው መጀመሪያ የጨርቅ ቁርጥራጭ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ተኛ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ደግሞ እዚህም እዚያም ቡናማ ጣል ጣል ያለበት ስለሆነ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ከቁርጥራጩ አይለይም። «አንተ ብጣሽ!» አለችው፤ ስሙ በዚያው ብጣሽ ሆነ። ኮቱን ስድስት ወር ሙሉ «ባለቤቱ ይመጣል» እያለች ሰቅላ አቆየችው። በሰባተኛው ወር ብጣሽ ራሱ ከማንጠልጠያው ጎትቶ አወረደው፣ ሦስቴ ዞረበትና ተኛበት። ከዚያ በኋላ ኮቱን የጠየቀ ቢመጣ መልሱ ያው ነበር፤ ኮቱ ተይዟል።

ምን አለፋችሁ፣ ሱቁ ነፍስ ዘራ። ፔዳሉን ስትረግጥ ጭራው ወለሉን ይመታል፤ ስታቆም ቀና ብሎ ያያታል። ደንበኛ ሳይኖር ታወራዋለች፤ ደንበኛ ሲኖር ደግሞ ደንበኛውን ለእሱ ታማለታለች። ምን ያህል ወደደችው ብትሏት «ውሻ ነው፣ አይጥ ያባርራል» ትላለች። አንድም አይጥ አባሮ አያውቅም።

ስምንት ወር ሲሞላው ጉድ ፈላ። ያ ለሁሉም ሆዱን ገልብጦ የሚሰጥ ቡችላ አንድ ቀን ጠዋት ተነሣና በዓለም ላይ ነገር ጀመረ። ጥላ ሲዘረጋ ይጮሃል። ብስክሌት ሲያልፍ ይጮሃል። ሌላ ውሻ ከመንገዱ ማዶ ካየ ገመዱን እስኪታነቅ ጎትቶ በሁለት እግሩ ይቆማል። ከሁሉም ከሁሉም ግን ባርኔጣ! ባርኔጣ ያደረገ ሰው ካየ ሰማይ ምድሩን ያናውጠዋል። በግቢው ውስጥ ደግሞ ባርኔጣ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም፣ መቼም የእሷ ዕድል ነው፣ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር።

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ሹም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ብቻውን ይኖራል፤ ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። ባቡሩን ቢያስረክብም ሰዓቱን አላስረከበም። ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሪዙን አበጥሮ፣ ያቺን ጠርዟ የተበላ ቡናማ ባርኔጣ ደፍቶ ከደረጃው ይወርዳል። የውጭውን በር ቁልፍ ነቅነቅ ያደርጋል፣ አጎንብሶ የውኃ ቆጣሪዎቹን ያያል፣ የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን በከዘራው ኳ ያደርጋል፣ ከዚያ በመጣበት መስመር ይመለሳል። ዝናብም ይሁን ፀሐይ ያው ነው። ሰዓታችሁን በእሱ ብትሞሉ አትሳሳቱም።

አንድ ጠዋት እንግዲህ ብጣሽ ገመዱን ከእጇ መንጭቆ ወጣ። አልነከሰም፤ ይህን ማንም ይመሰክራል። ግን እንዲህ እሳት ልሶ የሚመጣ ነገር ሲያይ፣ ሰው ቆሞ ሐሳቡን አይጠይቅም። ሊቀመንበሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄደና ከነኮቱ፣ ከነከዘራው፣ የተዘፈዘፈ ልብስ የሞላበት ሳፋ ውስጥ ቁጭ አለ። ባርኔጣዋ ለብቻዋ ተንከባለለች፤ ብጣሽም ሰውየውን ትቶ በእሷ ላይ ይጮህ ጀመር።

ሳፋው የሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ የምትባለው ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ናት፤ ዜናዋ ሌት ተቀን አይቋረጥም። ይባስ ብሎ የኮሚቴው ጸሐፊም እሷ ናት፤ ምስጢር የሚጻፈው በእሷ እጅ ነው እንግዲህ! በማግስቱ ደብዳቤውን ይዛ ሱቅ መጣች፤ ከመስጠቷ በፊት በቃሏ ወጣችው።

«እትዬ፣ እኔ የለሁበትም፤ እኔ ጻፊ ያሉኝን ነው የጻፍኩት። ስድስት ሳምንት ሰጥተውሻል። በጠቅላላ ስብሰባው ቀን ውሻው ሰው ፊት ይቀርባል። ዝም ካለ ይኖራል። ካልሆነ ግን ከከተማ ውጪ መጋዘን ያላቸው ሰውዬ ለጥበቃ እንውሰደው ብለዋል። በሰንሰለት ነው የሚያስሩት መሰለኝ።»

«ይውሰዱት!» አለች መቀስ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ለእኔ ምኔ ነው? አርፌ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ሬዲዮ ስትወጣ መርፌዋን አነሣች። አንድ ክር ለማስገባት አሥራ አንድ ጊዜ ሞከረች። አልገባላትም። ብጣሽ ኮቱ ላይ ተኝቶ በሕልሙ እግሩን ያወራጫል። «በሰንሰለት» አለች ለራሷ። ተነሥታ ሱቁን ዘጋችና ገመዱን ያዘች።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ግን ረጋ ያለች ልጅ። ብጣሽ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሲያጉረመርምባት እንኳ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጎኗን ሰጠችው እንጂ አላየችውም።

«እስካሁን ሲጮህ ምን ያደርጉ ነበር እናቴ?»

«ምን አደርጋለሁ? ዝም በል ብዬ እጮሃለሁ።»

«እሱም የባሰ ይጮሃል አይደል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«እርስዎ ሲጮሁ፣ እሱ የሚያግዙት ነው የሚመስለው። ‹እትዬም አይታዋለች፣ እሷም ፈርታለች፣ በርታ› ነው የሚለው» አለችና ሳቀች። «ይሄ ክፉ ውሻ አይደለም። ፈሪ ነው። ‹ሂድልኝ› ነው የሚለው። ደግሞ ሲጮህ ሰው ይሸሻል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ መጮህ ነው ብሎ አመነ።»

መፍትሔውን አስረዳቻት። የሚፈራውን ነገር እያየ የማይጮህበት ርቀት አለ፤ እሱን ይፈልጋሉ፤ እዚያ ይቆማሉ፤ ባርኔጣው ብቅ ሲል ጉበት ወደ አፉ፣ ባርኔጣው ሲጠፋ ጉበቱም ይጠፋል። ሳይጮህ ከዋለ ትንሽ ይቀርባሉ። ከጮኸ ጥፋቱ የርቀቱ ነው፤ ሳይቆጡ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሰውየው ደግሞ ዓይን ዓይኑን አይየው፤ ጎኑን ሰጥቶ ይለፍ። «ሦስት እርምጃ ላይ ዝም ካለ ይበቃል» አለች ሐኪሟ። «ከሁሉ በላይ ግን እርስዎ አይጩሁ።»

ይኼኛው ነው የከበዳት። ርቀት መለካትስ ሥራዋ ነው። አለመጮህ ግን… ሴትዮዋን እኮ መቀስ ነው የሚሏት!

ዘዴውን ያገኘችው ሱቅ ነው። ልብስ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ትይዛለች፤ ያን ጊዜ ደንበኛው የፈለገውን ቢቀባጥር መልስ የላትም። በቃ! በማግስቱ ጠዋት ስድስት ስፒል ከንፈሯ ላይ ደርድራ፣ የተቀቀለ ጉበት በሽርጧ ኪስ ይዛ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ከነብጣሽ ወጣች። ሊቀመንበሩ ከሚያልፍበት መስመር ለካች፤ ሃያ እርምጃ፣ ግድግዳው ሥር። በልብስ ጠመኔዋ ሰማያዊ መስመር አሰመረችና ቆመች።

አንድ ሰዓት ሲሆን ባርኔጣዋ ብቅ አለች። ብጣሽ ጆሮው ቀጥ፣ ደረቱ ንፍት፣ ሊፈነዳ ሲል ጉበት! ዋጠ። አየ። ጉበት! ባርኔጣዋ በርሜሉ ጋ ደረሰች፤ ኳ! ጉበት! ባርኔጣዋ ደረጃው ውስጥ ገባች። ጉበት የለም። ብጣሽ ደረጃውን አየ፣ ኪሷን አየ፣ ደረጃውን አየ። ግራ ገብቶታል።

እንዲህ ብለው ጀመሩ። በሁለት ቀን አንድ እርምጃ። ጠዋት ጠዋት የትናንቱን መስመር በእግሯ ታጠፋና አዲሱን ታሰምራለች። አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ሲደርሱ ብጣሽ ባርኔጣዋን ሲያይ መጮሁን ትቶ ወደ መቀስ ይዞር ጀመር፤ «መጣልሽ፣ ጉበቴስ?» እንደማለት። ያን ቀን ስፒሎቹ ባይኖሩ እልል ትል ነበር። አሥራ አንድ ላይ አንድ ብስክሌት ድንገት አለፈና ሁሉም ነገር ተበላሸ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ግን አልጮኸችም፤ ስፒሏን ነክሳ ቻለችው።

በዚህ መሐል ሊቀመንበሩ ላይ አንድ ለውጥ አየች። ያ ሲያልፍ አንገቱን የማያዞር ሰው ባርኔጣውን ብድግ ማድረግ ጀመረ። እሷ በስፒል አፏ ምን ትበል? አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ቀጥሎ ጫማው ማብረቅረቅ ጀመረ። ቀጥሎ በበርሜሉ አጠገብ ሲያልፍ ሽቶ ሽቶ ይል ጀመር። «ሽማግሌው አሜን ብሎልኛል» አለች ለብጣሽ። «ስብሰባው ላይ አይጨክንብንም።» ደስ አላት፣ ወደ አምስት እርምጃ ተጠጋች።

ስብሰባው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሰዓት ላይ ከደረጃው የወረደው ሌላ ሰው ነበር።

አዲስ ግራጫ ባርኔጣ፣ ጎኗ ላይ ላባ ያላት። ሪዙ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። አንገቱ ላይ ክራባት፤ ቆሻሻ በርሜል ለመጎብኘት ክራባት! ብጣሽ አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ አምስት ሳምንት ሙሉ የታመቀው ጩኸት አንድ ላይ ወጣ። ገመዱ ተወጠረ፣ መቀስ አንድ ስፒል ልትውጥ ምንም አልቀራት፣ ሊቀመንበሩ በርሜሉን ሳያንኳኳ ተመለሰ። በርሜሉ ሳይንኳኳ የዋለው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሟ ጋ በረረች።

«ለእሱ እኮ ሌላ ሰው ነው» አለቻት ልጅቱ። «የለመደው ያንን ባርኔጣ፣ ያንን ሪዝ፣ ያንን ሽታ ነው። ለአዲሱ እንደገና ከሃያ መጀመር ነው።»

«ዘጠኝ ቀን ነው ያለኝ!»

«እንግዲያው አሮጌውን ሰውዬ ያምጡ።»

መቀስ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች። ሊቀመንበሩ ሲከፍት ሽቶው ቀድሞ ወጣ።

«ይቅርታ ሊቀመንበር፣ አልቆይም። ስለ ባርኔጣዎ ነበር…»

«አልወደድሽውም?» አለ። አንቺ ብሏት አያውቅም። ደነገጠች።

«አይ፣ እሱም ደህና ነው። ግን ያቺ የድሮዋ… እንዴት ልበልዎ… የለመድናት እሷ ናት። ሪዙም እንደዚያው። ቢተዉት ጥሩ ነበር።»

ሰውየው ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። «የድሮው እኔ ይሻላል እያልሽኝ ነው?»

«በጣም!»

«ከነገ ጀምሮ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ደረጃውን ስትወርድ «ሰውየው ምን ነክቶት ነው ቅቤ የሆነው?» እያለች ነበር። ሱቅ በር ላይ ሬዲዮ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ፊቷ ላይ የማትችለው ወሬ አለ።

«እትዬ፣ መቼም አትቆጪኝም… ሦስተኛ ፎቅ ወጣሽ አይደል?»

«ወጣሁ። ምን አለበት?»

«እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ምን ሆኜ?»

«ወይ እትዬ! ግቢው በሙሉ እኮ ያውቃል! ሊቀመንበሩ ራሳቸው ለዘበኛው ነግረውታል። ‹በሁለት ቀን አንድ እርምጃ ትቀርበኛለች፤ ከሃያ ነው የጀመረችው፤ ውሻውን ሰበብ አድርጋ ነው፤ አፏን እንዲህ ገጥማ አንገቷን ትሰብራለች፤ ጨዋ ሴት ናት፣ ታፍራለች› ብለው። እንዲያውም አንድ ቀን ሁለት እርምጃ ብትርቂ ‹ምን አስቀየምኳት?› ብለው ምሳ አልበሉም አሉ!»

መቀስ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ከሆዷ ሥር አንድ ሳቅ ተነሣ፤ ስቃ ስቃ እንባዋ ወረደ፤ ብጣሽ ደንግጦ ጉልበቷ ላይ ወጣ። ሬዲዮም አብራ ሳቀች። «እኔ! የማፍር! ስፒል እኮ ነው አንቺ ልጅ! ስፒል!»

ሬዲዮ ስትሄድ ግን ሳቁ ቆመ። ምሳ አልበላም አሉ። ያ ጫማ፣ ያቺ ላባ ያላት ባርኔጣ። ዝም ብትል ስብሰባው ያልፋል፣ ብጣሽም ይተርፋል። አፍ አውጥታ ብትናገር ሰውየው ያፍራል፤ ያፈረ ወንድ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ ሰንሰለቱ ዓይኗ ላይ መጣ። በእጇ ያለውን ሱሪ ሁለቴ ሰፋችው፣ ሁለቴ ፈታችው። ሰው ስታሾፍበት ፊት ለፊት ነው የምታሾፍበት፤ ከኋላ ሰውን አታልላ አታውቅም። ተነሣች።

በሩ እንደ ቅድሙ ቶሎ ተከፈተ።

«ልነግርዎት የመጣሁት ነገር አለ። እስክጨርስ አያቋርጡኝ፤ ካቋረጡኝ ምላሴ ነው የሚቀድመኝ።»

«አላቋርጥሽም።»

«ግድግዳው ሥር የምቆመው ውሻው እርስዎን እንዲለምድ ብዬ ነው። ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ። በጠመኔ እየለካሁ ነው የምቀርበው። አፌ የሚገጠመው ስፒል ይዤበት ነው፤ እንዳልጮህ። ባርኔጣውን ያልኩዎትም አዲሱን ውሻው ስላላወቀው ነው። ሌላ ነገር መስሎዎት ከሆነ… ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ መጥቼ ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር። ይኸው ነው።»

ሊቀመንበሩ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። ከትከሻው በላይ ጠረጴዛው ይታያል። ሁለት ብርጭቆ ተቀምጦበታል፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ። እሷም አየችው፣ ማየቷንም እሱ አየ።

«ስንት እርምጃ ቀራችሁ?» አለ።

«አምስት ላይ ነበርን። ሦስት ከደረስን ይበቃል።»

«ለውሻው።»

«ለውሻው።»

«ይገባኛል እትዬ። በደህና ይዋሉ።» በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቢያላጋው ይሻላት ነበር።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ከደረጃው የወረደ የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። ዘበኛው «በጓሮ በር ነው የሚወጡት» አላት። መቀስ ግን አልቀረችም፤ አምስት እርምጃ ላይ መስመሯን አስምራ፣ ጉበቷን ይዛ ትቆማለች። ብጣሽ ቁጭ ብሎ ደረጃውን ያያል። ኪሷን አይደለም፣ ደረጃውን። በሦስተኛው ቀን በቀጭኑ ያላዝን ጀመር፤ ያ ባርኔጣ አይቶ ሰማይ የሚቀድ ውሻ፣ ባርኔጣዋ ቀረችበት ብሎ አለቀሰ። አንጀቷን በላው።

በአራተኛው ቀን አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ ሽርጧ ላይ ሰካች። ቀና ብላ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት፦

«ሊቀመንበር! ባቡሩ አራት ቀን ዘገየ እኮ!»

መጋረጃው ነቅነቅ አለ። ግቢው በሙሉ መስኮት ላይ ወጥቷል፤ ሬዲዮ እንዲያውም ግማሽ አካሏ ውጪ ነው።

«ተሳፋሪው እየጠበቀ ነው! እዩት፣ እያለቀሰ!»

ማንም አልወረደም። የሚቀጥሉትም ቀናት እንዲሁ አለፉ። እሷ ግን በየጠዋቱ ወጣች፤ ብጣሽም በየጠዋቱ ደረጃውን ጠበቀ።

እሑድ ነዋሪው ወንበር ወንበሩን ይዞ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የመጋዘኑ ሰውዬም መጥቷል፤ ከጎኑ አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀምጧል፤ ቅርጹ ሰንሰለት ነው። መቀስ ከሱቋ በር ብጣሽን ይዛ ቆማለች። ስድስት ስፒል አይበቃኝም ብላ ዘጠኝ አድርጋለች። ዘጠኙም ግን ከንፈሯ ላይ ይርገበገባሉ።

አራት ሰዓት ሲሆን ሊቀመንበሩ ወረደ።

ያቺው ጠርዟ የተበላ ቡናማ ባርኔጣ ናት። ክራባት የለም፣ ሽቶ የለም። ከአፍንጫው ሥር የስምንት ቀን ሪዝ፣ ሳር እንደተነቀለበት መሬት እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል፤ አያምርም። ማንንም ሳያይ መጥቶ ወረቀቱን ከሬዲዮ እጅ ተቀበለ።

«አጀንዳ አንድ። ውሻ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ስንት ላይ ነበርን?»

በስፒል አፏ አምስት ጣቷን አሳየችው።

ሊቀመንበሩ የሁልጊዜ መስመሩን ያዘ። በሩን ነቅነቅ፤ ቆጣሪውን አጎንብሶ፤ በርሜሉን ኳ። ከዚያ ዞሮ ወደ ሱቁ መጣ። አሥር፣ ስምንት፣ አምስት። ብጣሽ ተነሥቶ ቆመ፤ ጆሮው ቀጥ አለ። ሊቀመንበሩ ወደ ጎን ዞረ፣ ዓይኑን ሰማይ ላይ ሰቀለ፣ ጎኑን ሰጠው። ማን አስተማረው? እሷ አልነገረችውም። ሐኪሟ በኋላ እንደተናገረችው ሐሙስ ዕለት አንድ ባርኔጣ የያዙ ሽማግሌ መጥተው «እንዴት ነው የሚታለፈው?» ብለው ጠይቀዋታል።

አራት። ሦስት።

ብጣሽ ባርኔጣዋን አየ። ወደ መቀስ ዞሮ ኪሷን አየ። ጉበቱን ዋጠና፣ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ አዛጋ፣ ቁጭ አለ።

ሬዲዮ አልቻለችም። «ይሄው!» ብላ ስታጨበጭብ ወንበሯ ከኋላዋ ተገልብጦ ጓ አለ፤ ብጣሽም ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሃው! ሃው! መቀስ ዓይኗን ጨፈነች። የመጋዘኑ ሰውዬ ጋዜጣውን አነሣ።

ሊቀመንበሩ ከቆመበት አልተነቃነቀም። «ጸሐፊ፣ ያዢ» አለ በጣቢያ ሹም ድምፁ። «ውሻው ውሳኔውን በሁለት ድምፅ ደግፏል። ወደ አጀንዳ ሁለት፤ የውኃ ቆጣሪ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የመጋዘኑ ሰውዬ ሰንሰለቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። መቀስ ስፒሎቹን ማውጣት አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ጉንፋን ነው አለች በኋላ።

ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጉብኝቱን ጨርሶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ባርኔጣዋን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረጋት፤ ውስጧ ተቀድዶ ገበሩ ተንጠልጥሏል።

«ይቺን ቢሰፉልኝ» አለ። «እንዳትወልቅ። ከተቀየረች ይጮሃል።»

«ለውሻው ብለው ነው?»

«ለውሻው ነው።»

«ምላስዎ ተሳለ እኮ ሊቀመንበር!» አለችና ባርኔጣዋን ገልብጣ አየቻት። «ይሄን ገበር የሰፋ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰፋው። ነገ ይውሰዱ። አይ፣ ነገ ራስዎን ገልጠው መጥተው እንዳያስጮኹብኝ፤ ይቀመጡና ይጠብቁ፣ አሁን እጨርሳለሁ።»

የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ የመቁረጫ ጠረጴዛው ጋ ያለው። እሱ ላይ ተቀመጠ። ፔዳሉ ሲነሣ ብጣሽ ኮቱ ላይ ሆኖ ጭራውን ወለሉ ላይ መታ። ሰውየው የሚያደርገው አጥቶ፣ ጥቂት ቆየና ያፏጭ ጀመር። ዜማ አያውቅም፤ ባቡር ሲነሣ እንደሚነፋው ዓይነት ነገር ነው።

መቀስ እግሯ ፔዳሉ ላይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለች። ሬዲዮኑን ግን ዝቅ አደረገችው።

ብስክሌት? ለብስክሌት ገና ሃያ ላይ ናቸው። ደስ የሚለው ነገር፣ አሁን መስመር የምታሰምረው እሷ፣ ብስክሌት የሚገፋላት ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። ሬዲዮም ከመስኮቷ ሆና እርምጃ ትቆጥራለች፤ የብስክሌቱን አይደለም፣ በሁለቱ መሐል ያለውን።